ሳይጠፋ የኖረው የኋላ ፋኖስ

[ጋፋት፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ። የሐምሌ ረፋድ ነው፤ የጉና ጉም ወርዶ ሰው የገዛ እግሩን እየዳበሰ ይሄዳል። አንድ አሮጌ ሰረገላ ቆሟል። ከኋላው ሁለት ፋኖሶች ተንጠልጥለዋል፤ የቀኙ ጭቃ ተለጥፎበት ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ የግራው መስተዋቱ ተሰብሮ ጠፍቷል። ሰረገላው ላይ የነጂው የሞላ እናት፣ እማማ አበራሽ፣ ጉልበታቸውን በጋቢ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሞላ ለግራው ፋኖስ ከያዘው ቀንድ ዘይት ሞልቶ ወደ ቀኙ ሲዞር ክታብ ጻፊው መሪጌታ ገብረየሱስ እጁን ቀጨም ያደርጉታል።]

መሪጌታ፦ ተው አልኩህ! ይኸኛው ዘይት አይሻም!

ሞላ፦ የማይበላ መብራት አለ እንዴ፣ መሪጌታ?

መሪጌታ፦ እብናት ገበያ የሚወራውን አልሰማህም? «የሞላ የኋላ ፋኖስ ሦስት ክረምት አንዴም አልጠፋም። ዘይት አልነካውም፣ የሰው እጅ አልነካውም። የሚያበራው የመሪጌታ ገብረየሱስ ክታብ ነው» ይባላል።

ሞላ፦ ማነው የሚለው?

መሪጌታ፦ አገር!

ሞላ፦ አገር ከማን ሰምቶ?

መሪጌታ፦ [ጉሮሯቸውን ጠርገው] ከ... ከእኔ።

ሞላ፦ እኔ እንጃ። ለማንኛውም ዘይቱን...

መሪጌታ፦ አስቀምጥ! ከእብናት አሥር ሰው ክታብ ሊያጽፍ እየመጣ ነው። አንተን ቀንድ ዘይት ይዘህ ቢያዩህ ምን ይላሉ?

ሞላ፦ [ቀንዱን መሬት አስቀምጦ] እሺ፣ የግራውን ልጠግን። ይርጋ፣ የሰረገሎቹ አለቃ፣ አሁን ከተፍ ይላል። «በጉም ሁለት የኋላ መብራት የሌለው ሰረገላ ከቦታው አይነቃነቅም» ብሏል። ትናንት ከኋላዬ ያለው በሬ መስተዋቱን በቀንዱ አደቀቀው። ዛሬ ከቀረሁ እናቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ የምትነከረው መስከረም ጠብቶ ነው። ጉልበቷ እስከዚያ ይጠብቃል?

መሪጌታ፦ ለዚህ ነው የምትጨነቀው? ሰባት ቀን ሱባዔ እገባና ለግራውም ክታብ እጽፍለታለሁ።

ሞላ፦ ይርጋ የቀረው ሰባት እርምጃ ነው፣ መሪጌታ! ግድ የለም፣ እንደ ቀኙ አድርጌ እሠራዋለሁ።

መሪጌታ፦ ቀኙንማ የሠራው የጋፋት ፈረንጅ ነው።

ሞላ፦ ነበር። ፈትሉን ግን በየቅዳሜው የምለውጠው እኔ ነኝ።

መሪጌታ፦ ፈትሉን?

ሞላ፦ ጥላሸቱንም በአመድ እፈትጋለሁ። ዘይቱን በየማለዳው እሞላለሁ። ማንጠልጠያው አምና ተበጥሶ በጠፍር ተካሁት። ክዳኑን በሬ ረግጦት ሌላ አስቀጠቀጥኩለት።

መሪጌታ፦ ታዲያ ከዋናው ፋኖስ ምን ቀረ?

ሞላ፦ ወሬው።

መሪጌታ፦ አንተ ሰው! መስተዋቱስ? ይኸው ቀይ ሆኖ ያበራ የለም?

ሞላ፦ መስተዋቱማ ክታቡን በሰጡኝ ሳምንት ነው የተሰበረው። ይኸ ብራና ነው። ብራና ቅቤ ሲጠጣ ብርሃን ያሳልፋል። ቀዩን ቀለም ከእርስዎ ለምኜ አይደል የቀባሁት?

መሪጌታ፦ ለበሬህ ቀንድ ብለህ ነበር የወሰድከው!

ሞላ፦ ከበሬ ቀንድ ለመዳን ነው ያልኩት።

መሪጌታ፦ ብራናውንስ ከየት አመጣኸው?

ሞላ፦ [ሰማይ ሰማይ እያየ] ከ... ክታቡ።

መሪጌታ፦ [ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው] በቆዳ የተሰፋ ክታብ ፈታህ? ክታብ የፈታ ሰው ዓይኑ እንደሚጠፋ አታውቅም?

ሞላ፦ ይኸው አያለሁ። እንዲያውም ፈቺው እኔ ሆኜ የደከመው የእርስዎ ዓይን ነው።

[መሪጌታ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ፊታቸው ፈካ።]

መሪጌታ፦ ቆይ... ቆይ። ይኸማ ይብስ ተአምር ነው! ቃሉ ራሱ ብርሃን ሆኗል! በል ጭቃውን ጥረግልኝ።

[ሞላ ብራናውን በእጁ ጠረገ። ቀዩ ብርሃን ቦግ አለ፤ ጥቋቁር ፊደሎች ወጡበት።]

መሪጌታ፦ አየህ! ዓይኔ እንኳ ባይለየው በቃሌ አውቀዋለሁ። «ከመንኮራኩር መውለቅ፣ ከበሬ ቀንድ፣ ከገደል አፋፍ ይሰውርህ» ይላል።

ሞላ፦ አይልም።

መሪጌታ፦ አንተ በምን አውቀህ?

ሞላ፦ [ጎንበስ ብሎ እያነበበ] «ይድረስ ለደብተራ በላይነህ። እኔ እብናት ሰርግ ወርጃለሁ። ሞላ ከመጣ፣ ክታብህን ሊጽፍ ሱባዔ ገብቷል በለው። ይዞት የሚመጣውን ጠላ ግን ተቀበለው።»

[እማማ አበራሽ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ።]

መሪጌታ፦ ማንበብ ትችላለህ?

ሞላ፦ ዳዊት ደግሜ ነው በሬ መንዳት የጀመርኩት።

መሪጌታ፦ ምነው ታዲያ እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ!

ሞላ፦ እርስዎ ሲናገሩ ማን ቀዳዳ አግኝቶ!

መሪጌታ፦ [ቁጭ ብለው] ወይ የእኔ ነገር! ሁለቱን ብራና አቀያይሬ፣ ክታቡን ለበላይነህ ልኬ ደብዳቤውን ለአንተ ሰፍቻለሁ! ለካ ለዚህ ነው በላይነህ ያን ሰሞን «እኔ በሬ የለኝ፣ መንኮራኩር የለኝ፤ ስላሰብክልኝ ግን እግዜር ይስጥልኝ» ያለኝ!

ሞላ፦ በላይነህን ከዚያ ወዲህ በሬ ወግቶታል?

መሪጌታ፦ ኧረ አልወጋውም።

ሞላ፦ እንግዲያ ክታቡ ይሠራል።

መሪጌታ፦ አትቀልድብኝ። ሦስት ዓመት አውቀህ ዝም አልክ?

ሞላ፦ መጀመሪያ ጠላዬ ቆጨኝ። ኋላ ሳየው ጥሩ ያበራል። ውሸት መንገድ ሲያበራ ያየሁት የእርስዎን ብቻ ነው፤ ለምን ላጥፋው?

[ከጉሙ ውስጥ የይርጋ ጅራፍ ጮኸ።]

ሞላ፦ መጣ! መሪጌታ፣ ከማኅደርዎ አንድ ንጹሕ ብራና!

መሪጌታ፦ እሱ ለእብናት ሰዎች የፋቅሁት ነው።

ሞላ፦ እንግዲያ እነሱ ሲመጡ ይችን ደብዳቤ ላንብብላቸው?

መሪጌታ፦ [ብራናውን በችኮላ እየሰጡ] እንካ! እንካ! ምን ልጻፍበት?

ሞላ፦ እባክዎ ምንም አይጻፉበት። ባዶው ይበልጥ ያበራል። ቀይ ቀለምዎንም ወዲህ ይበሉ። እማዬ፣ ከራስሽ ላይ ቅቤ ላንሳ።

[እማማ አበራሽ አናታቸውን ዘንበል አደረጉለት። ሞላ ቅቤውን በጣቱ ጠረገና ብራናውን አሸው፤ ቀይ ቀባው፤ በግራው ፋኖስ ላይ ወጥሮ በጠፍር አሰረው። ከጋፋት ምድጃ በገል ይዞት የመጣውን ፍም እፍ ብሎ ፈትሉን ለኮሰ። ሁለቱ ፋኖሶች እንደ ሁለት የበርበሬ ዛላ ቀሉ። ይርጋና ተከታዮቹ ከጉሙ ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው ክታብ ፈላጊዎቹ የእብናት ሰዎች አሉ። መሪጌታ ይኸን ሲያዩ ብድግ ብለው ጥምጥማቸውን አቃኑ።]

ሞላ፦ [በሹክሹክታ] መሪጌታ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ። የቀኙ...

መሪጌታ፦ ዝም በል፣ አንተ ምን ታውቃለህ! [ድምፃቸውን ከፍ አድርገው] እይ ይርጋ! እናንተም የእብናት ሰዎች፣ ተመልከቱ! ይኸ ፋኖስ ሦስት ክረምት አንዴም አልጠፋም! የሰው እጅ አልነካውም! ጠብታ ዘይት አልቀመሰም! ከዛሬም ወዲያ እስከ...

[የቀኙ ፋኖስ ሁለት ጊዜ ተርገበገበ፤ ጢሱን መሪጌታ ፊት ላይ ተፋ፤ ድርግም አለ።]

ሞላ፦ መሪጌታ፣ ስብከቱን ያቆዩልኝና ያን የኑግ ዘይት ያቀብሉኝ።