ስልሳ ስድስት በል

በየቤቱ አንድ አስታዋሽ አለ። ያጠፋኸውን ምድጃ ሄዶ የሚያየው፣ በርህ ላይ ቆመህ ቁልፍ ስታወጣ «ደረስክ?» ብሎ የሚደውለው፣ ለጃንጥላህ ከአንተ በላይ የሚሳሳው እሱ ነው። ማንም አልሾመውም፤ ማንም አይሽረውም። በእኛ ቤት ይህን ሥልጣን ዕድሜ ልካቸውን የያዙት ክብርት ታላቅ እህቴ ናቸው፤ በሙያ ልብስ ሰፊ፣ በተፈጥሮ ተቆጣጣሪ። እኔ እታለም እላታለሁ።

ጥርሴን አስሮት የከረመው ሽቦ የተፈታ ቀን ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። ምላሴ ጥርሴ ላይ ሲንሸራተት እንደ አዲስ ተገረምኩ፤ የራሴ አፍ የሰው ቤት መሰለኝ። ሐኪሙ ግን በጥርሴ ልክ የተሠራች ስስ ፕላስቲክ አወጣ።

«ማቆያ ትባላለች። ለጊዜው ከምግብ ሰዓት በቀር አታውልቃት፤ ኋላ ማታ ማታ ብቻ ይበቃል። ጥርስ የነበረበትን ቦታ አይረሳም፤ ከተውከው ቀስ እያለ ይመለሳል። ለክትትልም በየቀጠሮህ ትመጣለህ።»

ጥርስ አገሩን ይናፍቃል! ግጥም እንዲመጣልኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ የቆመችው እታለም ግጥም አልመጣላትም። «እውነትዎን ነው፤ የተተኮሰ ሱሪም ካልተሰቀለ ይጨማደዳል» አለችው። «በምን ይታጠባል? ተኝቶ ቢተፋውስ? እሱ ይረሳል፤ ለእኔ ይንገሩኝ።»

ከዚያ ወዲያ «እንደምን ዋልክ» ቀረና ሰላምታዋ «አድርገኸዋል?» ሆነ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ቤት መጥታ ግጥም ሳነብላት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጨረቃ ሆይ» ያልኩበት ቦታ ላይ የእታለም ራስ በበሩ ብቅ አለ። «አድርገኸዋል?» ልጅቷ ተመልሳ አልመጣችም፤ ጨረቃዋም እንዲሁ።

አንድ ቀን ምግብ ቤት ማቆያዬን በሶፍት ጠቅልዬ ጠረጴዛ ላይ ረሳኋት፤ አስተናጋጁ ከትርፍራፊው ጋር ጠርጎ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣላት። እታለም እጅጌዋን ሰብስባ አስተናጋጁ ፊት ቆመች። «ወንድሜ፣ ያንን ቅርጫት ወዲህ በለው፤ ጥርሳችን ውስጡ አለ።» ጥርሳችን! አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች መብላት አቆሙ። ቆፍራ አገኘቻት። ከዚያ የቅርጫቱ ነገር አላስተኛትም፤ ቤት ስንገባ የፈላ ውሃ ቸለሰችባት። ማቆያዬ ዓይናችን እያየ እንደ ድንች ልጣጭ ተጠቀለለች።

ሐኪሙ ዘንድ አፌን ሳልከፍት «ጥፋቱ የኔ ነው ዶክተር፤ እሱን አይቆጡት» አለች። ሊቆጣኝም አላሰበ። አዲስ ሲሠራልኝ፣ ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔዋ ከመታጠቢያው በላይ ግድግዳው ላይ ጻፈች፦ «ለብ ያለ ውሃ ብቻ!» ከእሷ በቀር ማንን እንደምታስጠነቅቅ አይታወቅም።

ከዚያ አንድ የልብስ ፋብሪካ ኃላፊ አድርጎ ሩቅ ከተማ ወሰዳት። ዓይኗ ስለማይደርስ ጆሮዋን ሾመች። ማቆያ አፍ ውስጥ ካለ «ሰ» ይንሻፈፋል። ማታ ትደውልና «ስልሳ ስድስት በል» ትለኛለች። «ሽልሻ ሽድሽት» ካልኩ «ጎሽ! ደህና እደር።» እኔ ሰነፉ ግን ምላሴን አጥፌ ማንሻፈፉን ተማርኩ። ማቆያዬ መደርደሪያ ላይ ተኝታ እኔ በጥበቤ እኮራ ነበር።

እያደር ሥራ በዛባት። ስልኩ ሳሳ፤ ከዚያ ዝም አለ። የጠመኔው ጽሑፍ እንፋሎት እየበላው ደበዘዘ። ማታ ስገባ በሩ ላይ ቁልፌን ይዤ ትንሽ እቆማለሁ። «ደረስክ?» የሚል የለም።

ለክትትል የምቀርብበት ቀን ዋዜማ በመስታወት ሳይ አንዱ የፊት ጥርሴ ወደ ድሮ ቦታው ዘንበል ብሏል። ማቆያዋን ብሞክራት እምቢ አለች፤ ስገፋት ገብታ ጥርሴን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ እንባዬ መጣ። የፈራሁት ሐኪሙን አይደለም። አስታዋሻችን እኔን ረስታኝ እንዳይሆን ነው። ደወልኩላት። ከኋላዋ የስፌት መኪና ይንጫጫል።

«ሽልሻ ሽድሽት» አልኳት፣ ሰላምታ ሳላቀርብ።

«የዛሬው የእውነት ነው» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«በውሸቱ ጊዜ ‹ሳ›ን ትረሳታለህ። ‹ሽልሳ› ነው የምትለው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ካጋለጥኩህማ በማግስቱ ምን ብዬ እደውላለሁ?»

«ሰሞኑንስ?»

«ስወጣ እየመሸ፣ ተኝቶ ይሆናል እያልኩ ስልኩን አንስቼ አስቀምጠዋለሁ» አለች። «ነገ ረፋዱ ላይ ነው አይደል ቀጠሮህ? እንዳታረፍድ። ጃንጥላ ያዝ።»

«እሺ፣ እታለም።»

«በል እስኪ ድገመው።»

ጥርሴን እያመመኝ ደገምኩላት።