ወደ ኋላ የሚቆጥር ጨዋታ

ጨዋታ ማለት ሰዓት የሚረሳበት ነገር ይመስለኝ ነበር። እኛ ገበጣ እየተጫወትን ያደግን ሰዎች ነን፤ አንዱ ጠጠሩን ጨብጦ ሲያስብ ሌላው ደጅ ወጥቶ ተናፍሶ ይመለሳል፤ «ጊዜህ አለቀ» የሚል የለም። በደርግ ዘመን ግን ሰዓት ያልተቆረጠለት ነገር ጠፋ። መንገዱ ሰዓት እላፊ አለው፤ በስኳሩ ሰልፍ ተራችሁ ሲደርስ መስኮቱ ይዘጋል። ጨዋታ እንኳ ይተርፋል ብዬ ነበር። አልተረፈም።

ያሳደግሁት የሟች ወንድሜ ልጅ ተሾመ፣ ቦሌ የምትኖር ለተብርሃን የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ አቶ ኪሮስ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። አንድ እሑድ ጠዋት ባልንጀራዬን በላቸውንና አንድ ጎረቤት ይዤ ሽምግልና ሄድኩ። እንደምታውቁት፣ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። ተናጋሪው እኔ ነበርኩ፤ ጠንቃቃ ነው ተብዬ ተመርጬ።

ሳሎን ስንገባ አቶ ኪሮስ ከውጭ አገር ባመጡት የቴሌቪዥን ጨዋታ ተጠምደዋል። አንድ ትንሽ ሰውዬ ጉድጓድ እየዘለለ፣ እሳት እያለፈ በር ላይ መድረስ አለበት። ከቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ደግሞ ከመቶ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚቆጥር ቁጥር አለ።

«እንኳን ደህና መጡ አባቴ! እስኪ አንዴ ይሞክሩት» ብለው እጀታውን አስጨበጡኝ።

በሰው ቤት የቀረበን ነገር እንቢ ማለት ከበደኝ። ተቀመጥኩ።

«ምነው፣ ቆመን እንጂ!» አለኝ በላቸው በጆሮዬ።

«አንዴ ብቻ። ልባቸው ይለስልስ።»

ሰውዬዬን የመራሁት እንደ ራሴ ነው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆም አደርገዋለሁ፤ እሳቱ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። አልወደቀም፤ አልተቃጠለም። በሩ ጋ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቁጥሩ አለቀና በጤናው ተዘርሮ ሞተ። በምን ሞተ? በጥንቃቄ! በሩ የትም አይሄድ፣ የሚያሳድደው የለ፣ ምን አስቸኮለው? ሳያጠፋ የሚሞት ሰው በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም፤ ይህንኑ መዝናኛ ብሎ ገንዘብ የሚያወጣበት ሰው መኖሩ ነው የገረመኝ።

«ይፍጠኑ እንጂ አባቴ!» ብለው ሳቁብኝ።

ነደደኝ። ደገምኩ። ሠለስኩ። በላቸው ጎኔን ቢጎሽመኝም፣ ያን በር ሳልከፍት ሌላ ነገር ማውራት አልሆነልኝም። በመካከሉ ደጅ ላይ ጡሩምባ ተነፋ፤ የአቶ ኪሮስ የሥራ ሰርቪስ ነበር። ኮታቸውን አነሡ።

«ጉዳይ ካላችሁ ለሚመጣው እሑድ ይሁን።»

ዘልዬ ተነሣሁ። «ልጅዎን ለልጃችን» ብል ያኔም በበቃ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር በደረቁ ይነገራል? «ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው…» ብዬ ጀመርኩ። የመኪናው በር ተዘጋ።

በእሑዱ ስንመለስ፣ ሐሙስ ዕለት ሌሎች ሽማግሌዎች ቀድመውን ኖሯል። ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ተናግረው ቃል ተቀብለው ሄደዋል።

ለተሾመ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። የዚያን ቆጣሪ ክፋት ግን አብዝቼ አማረርኩ። አቀርቅሮ ሰማኝና፣

«ጋሼ፣ ጨዋታውን ስንት ጊዜ ሞከሩት?» አለኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

«የእኔንስ ጉዳይ?»

መልሱን እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው። ተሾመም አላስቸኮለኝም።