ማንም ያልከፈተው ግብዣ

ሥራ አስኪያጅ የሌለው፣ ወረቀት ያለቀበት፣ ወንበሩ ሁሉ እግሩ የተሰበረ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ፤ ተጠራጣሪ የሌለው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የእኛው ክቡር ተጠራጣሪ የመዝገብ ቤት ኃላፊው ናቸው። በሌሉበት ጋሼ ማህተም እንላቸዋለን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንኛውም ደብዳቤ እጃቸው ሲገባ፣ ከማንበባቸው በፊት ማህተሙን ስለሚያዩ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ባለፈው ቅዳሜ ይኸው ጥርጣሬያቸው ራሳቸውን ጉድ ሊሠራቸው ነበር። የጡረታ ግብዣቸው ዕለት ባዶ ወንበር ታቅፈው ሊውሉ ለጥቂት ነው የተረፉት።

ነገሩ የሚጀምረው ደብዳቤ ቀርቶ ኢሜይል የመጣ ጊዜ ነው። ሌላው ሰው ኢሜይል ያነባል፤ ጋሼ ማህተም ይመረምራሉ። ያጠራጠራቸውን አትመው ያወጡታል፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በማጉያ መስታወት ያዩታል፣ ከዚያ ዳር ዳሩን በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉበታል፦ «ቁጥር የለውም። ቀኑ አያሳምንም። ላኪው አይታወቅም።» መጨረሻው «አጠራጣሪዎች» የሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። የፋይሉ ክምር አሁን መስኮቱን ጋርዶታል።

በተለይ «ፓስወርድዎን ይቀይሩ» የሚል ከመጣ አለቀ። ከሦስተኛ ፎቅ ሸትቷቸው ይወርዳሉ። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጠይቀሃል ወይ?» ፓስወርዴ ይቀየርልኝ ብለህ ራስህ ጠይቀህ፣ ወዲያው መልሱ ከመጣ፣ የላኪውን አድራሻ አይተው ምናልባት ያሳልፉት ይሆናል። ካልጠየቅክ ግን፣ «ሳትጠራው መጥቶ ቶሎ በል የሚልህን ምን ብለህ ታምነዋለህ?» ይሉና ጉዳዩን ይዘጋሉ።

አንድ ጊዜ የኮምፒውተር ባለሙያችን ሲስተሙን ቀይሮ፣ ሁላችንም ፓስወርድ እንድንለውጥ የምር ኢሜይል ላከ። ጋሼ ማህተም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረው ኢሜይሉን አስጠፉን። ባለሙያው እያለከለከ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ የላክኩት!»

«አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?»

«ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ!»

«አንተን መች ተጠራጠርኩ? ኢሜይሉን እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ ምስኪኑ ማንኛውንም ነገር ከመላኩ በፊት ፎቁን ወጥቶ «ልልክ ነው» ብሎ ያስመዘግባል።

እኔም ከሰው ጋር አብሬ እስቅባቸው ነበር፣ እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ። «አካውንትዎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከነሙሉ ይዘቱ ይሰረዛል፤ ፓስወርድዎን እዚህ ያረጋግጡ» የሚል መጣልኝ። እዚያ አካውንት ውስጥ አባቴ ከመሞቱ በፊት ይልክልኝ የነበረው የድምፅ መልእክት በሙሉ አለ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። እጄ ወደ ማውሱ ሮጠ። ድንገት ስክሪኔ በጋሼ ማህተም ፋይል ተጋረደ።

«ጠይቀሃል ወይ?»

«አልጠየቅኩም ጋሼ፤ ግን የአባቴ ድምፅ ሊጠፋብኝ ነው!»

«ታዲያ ቁልፉን ለማታውቀው ሰው ልታስረክብ? እሱን ተወው። ሁልጊዜ በምትገባበት በራስህ በር ግባ።»

አድራሻውን ራሴ ጽፌ ገባሁ። የጠፋ ነገር የለም፤ ማስጠንቀቂያ የሚባልም የለም። ኢሜይሉን የላከውን ገልጠን ብናይ፣ ከስሙ ኋላ የተደበቀው አድራሻ አካውንቱን ከሰጠኝ ድርጅት ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም። ከአባቴ መልእክቶች አንዱን ከፈትኩት። «ልጄ፣ ድምፄ ይሰማል?» አለ አባቴ። ጋሼ ማህተም ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡና ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ይሄ እውነተኛ ነው» አሉ። ሳቄንም እንባዬንም መያዝ አቃተኝ።

ጋሼ በቅርቡ ያለ ሽኝት፣ ኮሽ ሳይሉ ጡረታ ወጡ። በሳምንቱ ለአሥራ አራታችንም ከማናውቀው አድራሻ አንድ ኢሜይል መጣ። «ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ቤቴ ምሳ ጋብዣችኋለሁ። መምጣታችሁን ከታች ተጭናችሁ ቶሎ አረጋግጡ። ጋሼ ማህተም።» ቢሮው በሳቅ አለቀ። ሰውየው ይህን ስም እንደማያውቁት እርግጠኞች ነን፤ በዚያ ላይ «ቶሎ» ይላል። «አሁን ደግሞ በጋሼ ስም መጡብን!» ተባባልንና ሁላችንም አጠፋነው።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ግን ልቤ አላርፍ አለ። በራስህ በር ግባ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ከድሮ ጀምሮ ወደማውቀው የቤታቸው ስልክ ደወልኩ። ባለቤታቸው አነሱት።

«ኧረ የት ቀራችሁ ልጆቼ? ወንበሩ ተደርድሮ እሱ በር በሩን ያያል!»

በሩጫ ደረስኩ። ጋሼ ማህተም ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች መሃል ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ኢሜይሉን ከፍተህ ነው የመጣኸው?» አሉኝ ሳይነሱ።

«አይ ጋሼ፣ በማውቀው ስልክ ደውዬ አጣራሁ። ስሙ ነው ያሳሳተን፤ የሚያውቁት አልመሰለንም ነበር።»

«ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ይሄ ያመልጠኛል? ሌሎቹስ?»

«አንድም የተጫነው የለም። ሁሉም አጥፍተውታል።»

ፊታቸው በራ። «ሰማሽ?» አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «አሥራ አራቱም! አንድ እንኳ አልተሞኘም!»

«እሰይ!» አሉ ባለቤታቸው፣ «ምግቡን ታዲያ ማን ይብላው?»

ጋሼ ባዶ ወንበሮቹን ቃኘት አደረጉ። ያን ጊዜ እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ገባኝ። ስልኬን አውጥቼ ለአሥራ ሦስቱም አንድ በአንድ ደወልኩ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ሁሉም ገና ከማንሳታቸው፣ «አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» ይሉኛል። ጋሼ ማህተም አጠገቤ ወንበር ስበው እያንዳንዷን ጥያቄ ያዳምጣሉ፤ በየመሃሉ መነጽራቸውን እያወለቁ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።