ኮምፒውተሬ ብየዳ ቤት የገባች ዕለት

መጀመሪያ አትሳቁ። ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬን ታቅፌ ብየዳ ቤት ሄድኩ።

አዎ፣ ብየዳ ቤት። የግቢ በርና የሮቶ ማስቀመጫ የሚሠራበት። ሰበታ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ጠፍቶ አይደለም። ጉዳዩ ብረት የሚቆርጥ ሰው የሚፈልግ ሆኖ ነው።

ጉዳዩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

የባለቤቴ የጫልቱ ታላቅ ወንድም ኦቦ ጉደታ ይባላሉ። ዓለም ገና፣ የጅማው መንገድ ዳር ነው ቤታቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የጅቡቲን መንገድ ከገዛ ሳሎናቸው በላይ ያውቁታል። የአፋር ግመሎች ሲያልፉ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሏቸው ነበር።

(እሺ፣ የግመሉን ጨመርኩ። የቀረው እውነት ነው።)

አምና ወገባቸው ተበላሸና ሐኪም መሪ ከለከላቸው።

ከዚያ ወዲህ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው የሚያልፈውን መኪና ያዳምጣሉ። ያያሉ አላልኩም፤ ያዳምጣሉ። “ማርሽ መቀነስ ነበረበት” ይላሉ። ሌላ ወሬ የለም። ምግብም ቀንሰዋል። ጫልቱ እሳቸውን ጠይቃ በተመለሰች ቁጥር ዓይኗ ቀልቶ ነው የምትገባው።

የኔ አፍ ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ፣ ፍሬን የለውም።

ቤቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛኋት ኮምፒውተር አለች። አሮጌ የጌም መሪም ከነፔዳሉ አለኝ። የጭነት መኪና ጌምም ጭኛለሁ፤ ተራራው፣ ኬላው፣ ነዳጅ ማደያው፣ ምኑ ቅጡ! “ኦቦ ጉደታ፣ እኛ ቤት ይምጡ፣ ተሳቢ አስነዳዎታለሁ” አልኳቸው።

መጡ። ከረባት አስረው መጡ!

ችግሩ ኮምፒውተሯ የጌሙን ሥዕል ቶሎ ቶሎ የሚስለው ግራፊክስ ካርድ የላትም። መኪናው ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያስባል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ እንደገና ይሄዳል። ተራራው በየወሩ እየተከፈለ እንደሚገዛ ዕቃ በየተራ ነው የሚመጣው። ግማሹን ካየን በኋላ ሻይ ጠጣን፣ ከሻይ በኋላ ጫፉ መጣ።

ኦቦ ጉደታ ታገሉ፣ ታገሉና መሪውን ቀስ አድርገው ለቀቁት።

“ሞተሩ አልቋል” አሉ።

ኮታቸውን ለበሱና ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ በራቸው ላይ መቀመጡንም ተዉት።

ጫልቱ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “ተስፋ ሰጥተህ ከምትነሳው ባትጀምረው ምን ነበረበት?” ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተሯ ምን ቢገዛላት እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

“ለበዓል በግ ያሰብነውን አድርገው። ዶሮ ይበቃናል።”

እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ይቺ ሴት እኮ ለኳስ የሚሆን ዲሽ ብዬ ዓመት ሙሉ ስለምናት የበጉን ጆሮ እንኳ ያልቆረጠችልኝ ናት። ለወንድሟ ሲሆን ሙሉውን በግ ከነቆዳው አነሳችው። አፌን ከፍቼ ነው ያየኋት። ፍቅር ማለት ይሄ ነው። የኔ ባይሆንም።

ስለዚህ ባጀቴ የታወቀ ነበር፦ አንድ በግ። ሙክት እንዳይመስላችሁ። መካከለኛ።

ቴሌግራም ላይ ገባሁ። ወገኖቼ፣ የግራፊክስ ካርድ ገበያ ሌላ አገር ነው! ስማቸው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ስለበዛ ግን ጉልበቱ በዛ ማለት አይደለም። ያረጀው ትልቅ ካዲሱ ትንሽ ይበልጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ አይበልጥም። አንዱ አራት ጊጋ ሜሞሪ ይበቃል ይላል፤ ሌላው ስምንት ካልሆነ ብሩን አቃጥለው ይላል። ሁለቱም ይሳደባሉ። እኔ በመሐል ሆኜ በግ እያሰብኩ ነው።

በመጨረሻ ሁለት እጩዎች ቀሩ።

አንደኛው ቡራዩ። አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ ባለ አንድ ፋን። እጄ ላይ ሳደርገው የብስኩት ፓኬት አከለ። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ይቺ መብራት አትበላም፣ ድምፅ የላትም፣ ለትንሽ ኮምፒውተር የተሠራች ናት አለኝ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ብሰማው ኖሮ ይሄ ፖስት የለም።

ግን እስቲ ፍረዱኝ፤ የበግ ብር ይዞ ወጥቶ ጫጩት ይዞ የሚገባ ሰው አለ?

ሱሉልታ ሄድኩ።

ያገለገለ ነው፤ ባለ ሦስት ፋን። ሻጩ ከብርድ ልብስ ውስጥ ሲገልጠው፣ እመኑኝ፣ ኮፍያዬን አወለቅኩ። ጥቁር። ረጅም። ሦስቱ ፋኖች ተደርድረው እንደ አውሮፕላን ሞተር። ልብሱን ሲገፈው ክፍሉ የጠበበ መሰለኝ። ቀንና ሌት ቢትኮይን ሲፈጭበት እንደኖረ አልደበቀኝም፤ ግን በሱሉልታ ብርድ ስለኖረ አንድም ቀን አልሞቀውም አለኝ። አመንኩት። ሱሉልታ ውስጥ የሞቀው ነገር እኔም አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በማውቀው መንገድ መረመርኩት። የበግ ብር እስከሆነ ድረስ።

አነሳሁት፤ ከብዷል፣ ጥሩ። ጀርባውን ዳሰስኩ፤ አጥንቱ አልወጣም። ጥርሱን አየሁ፤ ማዘርቦርዱን የሚነክስበት ወርቃማ ጥርስ አለው፣ አንዱም አልተሸረፈም። ፋኖቹን በጣቴ አዞርኩ፤ አያነክሱም። በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አስነሳልኝ፤ ሠራ። ምርቃትም ጠየቅኩ፤ ያለ ምርቃት የተገዛ ዕቃ ቤት አይረጋም። ይሄን ካርድ የሚሸከም፣ መብራት የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ጨመረልኝ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ሁሉን ጠየቅኩ። ርዝመቱን ብቻ አልለካሁም።

በግ ስትገዙ በረታችሁን ትለካላችሁ?

እንግዲህ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ኦቦ ጉደታ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። ጫልቱ አስምላ፣ ለምና ነው እሺ ያሰኘቻቸው። “አንድ ጊዜ። ከዚህ በኋላ አትጥሩኝ” ብለዋታል። ከምሳ በፊት ካርዱን ልግጠም ብዬ ኮምፒውተሯን ከፈትኩ።

አልገባም።

አጋደምኩት፤ አልገባም። በወገቡ ሞከርኩት፤ አልገባም። እንደ ልጅ አባበልኩት፤ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ፣ አልጋ ያጠረበት እንግዳ መሰለ። የኬዙ፣ የቆርቆሮ ሳጥኗ፣ የፊት ብረት ደረቱን ይዞታል።

ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ እኔንም ካርዱንም አየችን።

“በጉ አልገባም?”

“ይገባል።”

“በምን?”

የኮምፒውተሯን ሆድ ዕቃ ፈትቼ ሳፋ ውስጥ አደረግኩና ባዶ ቆርቆሮዋን ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ማቴዎስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከወላይታ የመጣው በያጅ፣ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ከፍቶ የሚሠራው። ቆርቆሮዬን ገልበጥ አድርጎ አየ።

“ጋሽዬ፣ የምን መስኮት ነው?”

“ኮምፒውተር ነው።”

መዝሙሩን ቀነሰ።

የሚቆረጠውን ብረት በጠመኔ አሰመርኩለት። ብረት መቁረጫውን፣ ግራይንደሩን፣ አነሣ፣ ከዚያ አስቀመጠው፣ ዓይኑን ጨፈነና አጭር ጸሎት አደረገ። በር ስትቆርጥም ትጸልያለህ ወይ አልኩት።

“በር አውቃለሁ” አለኝ።

እሳቱ መፈናጠር ሲጀምር ሰፈሩ ተሰበሰበ። የባጃጅ ሹፌሮች፣ ሽንኩርት ሻጮች፣ ለሠርግ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች። አንዱ “ኩን ማሊ?”፣ ይሄ ምንድነው፣ ሲል ሌላው ኮምፒውተር እየታረደ ነው ብሎ ተረጎመለት። አንዲት እናት፣ “የተማረ ሰው ሲከፋው እንዲህ ያደርገዋል” ብለው ከንፈር መጠጡልኝ። እኔ እጄን አጣምሬ፣ የዕለት ተዕለት ሥራዬ እንደሆነ ሁሉ፣ አገጬን ወደ ላይ።

ማቴዎስ ግን ተመራቂ ሐኪም ነው የሚመስለው። የፊቱን ብረት አነሣ። ካርዱ አንገቱን እንዳይሰብር ከታች ትንሽ የብረት እግር በየደለት። በነካ እጁ ደግሞ፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ የተረፈ የግቢ በር ቀለም ቀባው። አረንጓዴ።

ወሬው በእግር ቀደመኝ። ቤት ስደርስ የጎረቤት ሱቅ ባለቤት፣ ኮምፒውተርህን በር አደረግከው የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ገጠምኩ። ካርዱ ገባ! አፍንጫው በፊት በኩል ትንሽ ወጥቶ አጥር ሥር እንደሾለከ ውሻ ይታያል። ምርቃቱ ፓወር ሰፕላይ ቦታ ስላጣ ከውጭ በሽቦ ታስሯል። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ።

ፋኖቹ ዞሩ። ጌሙ ተከፈተ።

ጓደኞቼ።

ዝናብ ነበር። በመኪናው መስታወት ላይ ጠብታው አንድ በአንድ ይወርዳል፤ ከላይ ይጀምራል፣ ሌላውን ያገኛል፣ አብረው ይንሸራተታሉ። መጥረጊያው ጠረግ ሲያደርገው ተራራው ሙሉውን፣ በአንድ ጊዜ፣ ከነጉሙ ቆሞ አገኘሁት። አስፋልቱ ርሷል፤ የፊት መብራቱ በውሃው ላይ ይጋደማል። የመንገድ ዳር ሣር አለ፤ ሣሩ ንፋስ ያውቃል! ጫልቱ ፎጣዋን እንደያዘች ከኋላዬ ቆማ ቀረች።

“ይሄን ሁሉ በጉ ነው ያመጣው?” አለች በሹክሹክታ።

ኦቦ ጉደታ ከምሳ በኋላ መጡ። ከረባት የለም። ጋቢ ለብሰው፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው። “አካም ኦልታን” ብለው እንዴት ዋላችሁ አሉን፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው።

ከዚያ የዝናቡን ድምፅ ሰሙና ቀና አሉ።

ለረጅም ጊዜ አዩ። ጋቢያቸውን አወለቁና ለጫልቱ ሰጡ። ተነሡ። ጠረጴዛዬን አንድ ዙር ዞሩትና የጠረጴዛውን እግር በጫማቸው ጫፍ ጠቅ አደረጉት። ጎማ ሲያዩ ነው! ወንበሩን አስጠጉ፣ የሌለውን ስፖኪዮ በእጃቸው አስተካከሉ፣ መሪውን ያዙ። እነዚያ እጆች መሪውን ሲይዙ ብታዩ! የኔ የፕላስቲክ መሪ ከበደ።

ግን አልነዱም።

“ረዳቱ የታለ?” አሉ።

ሳቅኩ። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጫልቱ በዓይኗ ጠቆመችላቸው። ማንን? እኔን!

“አቤት፣ እዚህ ነኝ” አልኩ።

“ወደ መጋዘኑ በኋላ ማርሽ እንገባለን። ውረድ።”

“ከየት ልውረድ ኦቦ ጉደታ?”

“ከመኪናው ነዋ። ኋላ ሰው ሳይቆም ተሳቢ መልሼ አላውቅም።”

ወረድኩ። ሞኒተሩ ኋላ ሄጄ ግድግዳና ገመድ መሐል ቆምኩ። ከዚያ የሚታየኝ የሞኒተሩ ጀርባ ብቻ ነው። ጫልቱ ስክሪኑን እያየች በእጇ ትጠቁመኛለች፤ እኔ እሷን እያየሁ እጮሃለሁ። ታላቅ ናቸውና በአክብሮት “ይምጡ… ይምጡ… በግራ ይቁረጡ…” ማለት ጀመርኩ።

መኪናው ቆመ።

“አንተ ‘ይምጡ’ ብለህ እስክትጨርስ ግድግዳው ይፈርሳል። ‘ና’ በል። ድምፅህን አሰማ።”

እናም የሚስቴን ታላቅ ወንድም፣ እህታቸውን የዳሩልኝን ሰውዬ፣ በገዛ ሳሎኔ፣ በሙሉ ድምፄ፣ “ና! ና! ና! ቁረጠው! መልሰው! ቁም!” አልኳቸው። መስኮቱ ክፍት ነበር። የሱቁ ባለቤት፣ ሁለት ተከራዮችና አንድ ባጃጅ ቆመው ያዩኛል፤ ሞኒተር ጀርባ ቆሜ ለግድግዳ “ና” የምለውን ሰው።

ያ ረጅም ተሳቢ ግን፣ ጫልቱ እንደነገረችኝ፣ እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ ገባ። አንድ ነገር አልነካም።

ኦቦ ጉደታ ፍሬን ያዙ። “ቶሌ” አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ አምና ከተቀመጡ ወዲህ ያልሰማነውን ነገር ሰማን፤ ከሆዳቸው ሳቁ። ጫልቱ በጋቢው ፊቷን ሸፈነች። እኔም ገመድ የምፈታ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

እራት አቀረብን፤ ጨርሰው በሉ። ጨምሩልኝ አሉ። ነገም ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደሚመጡ ተናገሩ፤ ጭነት አለባቸው። ሲወጡ በሩ ላይ ትከሻዬን ያዙኝ።

“ለጀማሪ አትከፋም። ጎማ ማየት ግን ትረሳለህ።”

እና አሁን ጥያቄ አለኝ። ኮምፒውተሯ የኔ፣ ካርዱ የኔ፣ መሪው የኔ፣ ሰፈር የሳቀበት ፊት የኔ። እስካሁን ግን መሪውን አልነካሁም፤ ልነካ ስል “እጅህን” ተብያለሁ።

እናንተ የመኪና ሰዎች፣ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፦ አንድ ረዳት ስንት ዓመት ካገለገለ ነው መሪ የሚሰጡት?