መርፌ የሌለበት የሕይወት ታሪክ

በደርግ ጊዜ ነርስ የምትቀጠረው መርፌ መውጋት ስለምትችል ይመስላችኋል? የካ የሚኖሩትን ጎረቤቴን ጋሽ ተሰማን አታውቋቸውማ። የሰው ማመልከቻ ካላቃኑ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

የሰፈራችን ልጅ ሰዓዳ በነርስነት እንደተመረቀች፣ ለሥራ ያዘጋጀችውን የሕይወት ታሪክ አሳየቻቸው።

«መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ… ይሄማ የማንም ነርስ ሥራ ነው፣ ልጄ» ብለው ሰረዙት። በምትኩ የተሳተፈችበትን የእንጦጦ ችግኝ ተከላ፣ መሠረተ ትምህርቱንና የቀበሌውን የፖለቲካ ውይይት ክበብ አስገቡላት።

ወዲያው የሰፈራችን ክሊኒክ ተቀጠረች። የክሊኒኩ ኃላፊ ግን «እንዲህ የነቃች ልጅማ ቁስል ስታጥብ አትውልም» ብለው የውይይት ክበብ መሪ አደረጓት።

ከወር በኋላ ጋሽ ተሰማ መርፌ ታዞላቸው እያነከሱ ክሊኒኩ ደረሱ። ወረፋው ላይ ሰው የለም። ሰዓዳ ከአዳራሹ ብቅ አለች።

«መጣሽልኝ? በይ ውጊኝ።»

«ስብሰባ ላይ ነን፣ ጋሼ። ይግቡ፣ በሽተኞቹም እዚሁ ናቸው።»