ዳለቻ ሜታሊክ

ባለትዳር ሆኖ «የማስታወስ ችሎታዬ የተሟላ ነው» የሚል ወንድ ውሸታም ነው። ትዳር ሁለት ልብ፣ ሁለት ሆድና አራት እግር ይኖረው ይሆናል፤ ትዝታ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በሚስት እጅ በአደራ የተቀመጠ ነው። ይህን የምላችሁ የታሪክ መምህር ሆኜ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የነገሥታቱን ተራ ሳላዛንፍ አስተምራለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ጠዋት ያጠለቅሁት ካልሲ ምን ዓይነት እንደ ነበረ እንኳ ደፍሬ አልምልም።

ጣጣው የጀመረው የሚስቴን አባት፣ ጋሽ አለምነውን፣ መናኸሪያ በረሳኋቸው ቀን ነው። ከቡሬ ወጣ ካለው መንደራቸው ሊጠይቁን መጥተው ዶሯቸውን ታቅፈው ግማሽ ቀን ጠበቁኝ። ተቀበላቸው የተባልሁት ማክሰኞ ነበር ይባላል፤ እኔ ረቡዕ ብዬ ነው የማስታውሰው። እሳቸው አልተቆጡም። ከቁጣ የከፋ ነገር አደረጉ፤ አንቱ ይሉኝ ጀመር። «እንደምን አደሩ መምህር?» ይሉኛል፣ ወገባቸውን ሰበር አድርገው። ከዚያ በፊት «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። አማቱ አንቱ ያለው ሰው ካለ የማወራው ይገባዋል... ቤቱ ተቀምጦ እንደ መባረር ነው።

መፍትሔውን ያመጣችው ሚስቴ ጥሩወርቅ ናት፤ የዕርቅ ስጦታ እንስጣቸው አለች። አባቷ እህል ያመላልሱባት የነበረች፣ ኋላ የሸጧት ፒክአፕ ነበረቻቸው፤ በሠርጋችን ዕለት እኛን የጫነችውም እሷው ናት። የዚያች መኪና አምሳያ፣ ከመዳፌ የማትበልጥ ሞዴል፣ ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ቅርጿ ቁርጥ እሷን ነው፤ ቀለሟ ግን እንደ በርበሬ ቀይ። ለፋሲካ ሲመጡ እንድንሰጣቸው በትክክለኛው ቀለም መቀባት ነበረባት።

«ቀለሟ ብርማ ነበር አይደል?» አልኋት ጥሩወርቅን።

«ወርቅማ።»

«ብርማ ይመስለኛል።»

«የሠርግህን መኪና ረሳህ?»

ስሟ ዳኝነቷን ሳያዛባው እንዳልቀረ ጠረጠርሁ፤ ጥርጣሬዬን ግን ለራሴ ያዝሁ። የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናዋ ታብለጨልጭ ነበር። ሜታሊክ መሆኗ አያከራክርም።

ስለዚህ እንደ ታሪክ ሰው ዋናውን ምንጭ ለመጠየቅ ወሰንሁና ለጋሽ አለምነው ደወልሁ። ስጦታው ድንገተኛ እንዲሆን ስለታሰበ በግልጽ መጠየቅ አልቻልሁም። እንደ አገሩ ወግ ነገሩን በዳር በዳር ዞርሁት።

«አባባ፣ ያች የሸጧት ትዝ አለችኝና... መልኳ እንዴት ነበር?»



«ዳለቻ ነበረች» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ሆዷ ሥር ቀላ ይላል።»

ጻፍሁ። ዳለቻ፣ አመድ የመሰለ ግራጫ ነው። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ፣ ተጋጭታ የተለጠፈባት ስቱኮ፤ ሆዷ ሥር ያለው ቅላት ደግሞ ዝገት። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እኔ ግን ገብቻለሁ።

«ጠባይዋስ?»

«ጧት ጧት ካልደባበሷት አትነሳም ነበር። ከኋላዋም መቆም አይቻልም።»

ባትሪና ጭስ፣ አልሁ በልቤ።

በማግሥቱ ቡሬ ወርጄ፣ በነቀምቴ መውጫ በኩል ወዳለ የመኪና ቀለም ሻጭ ገባሁ።

«ዳለቻ ሜታሊክ ስፕሬይ ይኖራል?»

«ለምን ዓይነት መኪና?»

«ለፒክአፕ። ሙሉ ቅብ።»

«ሙሉ ከሆነ ብዙ ጣሳ ይፈጃል። መኪናው የት ቆሟል?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አቆምኋት። ሰውየው ይስቃል ብዬ ስጠብቅ መነጽሩን አደረገ። ለካ ከቀለም በፊት እህል ነጋዴ ነበር።

«ለይችማ ዝም ብሎ አይረጭም» አለ ጣሳዎቹን እየደረደረ። «ሜታሊክ ማለት ውስጡ የብር ፍሬ አለው። ይሄ ፍሬው በቆሎ ነው፣ ለጭነት መኪና ይሆናል። ይሄ ስንዴ ነው፣ ሚኒባስ ቀባበት። ያንተዋ የምትፈልገው ጤፍ ነው፤ ያውም የተነፋ። መኪናዋ ስታንስ ፍሬውም ካላነሰ፣ ቀለም ሳይሆን አሸዋ የተበተነባት ነው የምትመስለው። መጀመሪያ ማንኪያ ላይ ሞክረው። ማንኪያ እንደ ኮፈን ጎበጥ ይላል።»

በሕይወቴ ከሰማኋቸው ሌክቸሮች ሁሉ የገባኝ ይህ ነው። ሦስቱንም ይዤ ተመለስሁ። ሰውየው በኋላ «የላስቲክ ማንኪያ ብዬው ነበር» ማለቱን ሰምቻለሁ። እኔ አላስታውስም።

«ማንኪያዎቹ የት ሄዱ?» አለች ጥሩወርቅ በምሳ ሰዓት።

«እየደረቁ ነው።»

ወጣ ብላ አየች። የሠርግ ስጦታ ማንኪያዎቻችን ግቢው ውስጥ ተሰልፈው፣ ገሚሱ በቆሎ፣ ገሚሱ ስንዴ፣ ገሚሱ ጤፍ ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። ያን ሳምንት ሾርባ በጭልፋ ጠጣን። ጤፉ ግን አሸነፈ። መኪናዋን መጀመሪያ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ቀባኋት፤ ሲደርቅ ዳለቻውን ከራቅ ብዬ በስሱ፣ በስሱ፣ ሦስት ጊዜ ነፋሁባት። ኮፈኗ ላይ በክብሪት እንጨት ነጭ ስቱኮዋን፣ ሆዷ ሥር ዝገቷን አስቀመጥሁ። ባትንቀሳቀስም ጭሷ ሸተተኝ።

ፋሲካ ደረሰና ጋሽ አለምነው መጡ። «እንኳን አደረሰዎ መምህር» አሉኝ። መኪናዋን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አገላበጧት። ኮፈኗን ዳበሱ። ገልብጠው ሆዷን አዩ። ጥሩወርቅ እሳቸውን ሳይሆን እኔን ታያለች።

«ነጩ እንኳ አልቀረ...» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይች እኮ ላሜ ናት።»

ለካ እኔ የጠየቅሁት ስለ መኪናዋ ነው፤ እሳቸው የመለሱልኝ ለሠርጋችን ድግስ ብለው ስለ ሸጧት ላም ነው።

«ያኔ ስሸጣት ማንም ነገሬ ብሎ አላነሳትም» አሉ። «አንተ ግን አስታወስካት፣ ልጄ።»

አንተ አሉኝ። አፌን ከፍቼ እውነቱን ልናገር ስል፣ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ግን ጎማ ምን ብለህ አደረግህላት?»

«ቅኔ ነው፣ አባባ» አልሁ። «ሰሙ መኪና ነው።»

«ወርቁ ላሜ!» ብለው ጨረሱልኝና ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። ምንጩ ደስ ብሎት ሲናገር የታሪክ ሰው አያቋርጥም።

ጥሩወርቅ ግን አልቻለችም። «መኪናዋስ አባባ? ወርቅማ አልነበረችም?»

«የምን ወርቅማ? ሰማያዊ ነበረች። ለሠርጋችሁ በናፍታ ወልውለናት ነው ያብለጨለጨችው።»

ዳለቻዋ አሁን ጋሽ አለምነው ቤት ከሬዲዮኑ አጠገብ ትውላለች፤ ጧት ጧት ሳይደባብሷት አይወጡም አሉ። ጥሩወርቅን ዛሬ ብትጠይቋት፣ «እኔ ከመጀመሪያውም ሰማያዊ ናት ብዬው ነበር» ትላችኋለች።

እንዲህ ማለቷ እኔም ትዝ ይለኛል።