ጉድጓድ የጠለቀው ሰዓት

ምንም የማያውቅ ሰው ብዙ አይጎዳችሁም። ዝም ይላል፤ ቢናገርም የሚያምነው የለም። የሚያስፈራው እንደ እኔ ግማሽ የሚያውቀው ነው። ግማሹን ያስረዳችኋል፣ የቀረውን ግማሽ እናንተው በፍርሃታችሁ ትሞሉታላችሁ። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ፍርሃት ከየትም አይታጣም።

ከወልድያ ሸሽተን ግራና በምትባል ትንሽ ከተማ ዘመድ ግቢ በተጠለልንበት ሰሞን እኅቴ ሐዋ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ሰይድ ጅቡቲ ባሕር ጠላቂ ነው። መንገድ ሳይዘጋ ተመልሶ ሲሄድ አሮጌ የመጥለቂያ ሰዓቱን ትቶላት ነበር። ሰዓት አልኩት እንጂ ኮምፒውተር ነው። ጠላቂ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከሚተነፍሰው አየር ናይትሮጅኑ ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል። ሲወጣ ቀስ እያለ ካልለቀቀው፣ ድንገት እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጡ ይፈላል። ደም ናይትሮጅኑን ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎ ይለቃል፤ ስብ ግን ይዘገያል። ነጠላና ጋቢ አብረው ቢታጠቡ አብረው አይደርቁም አይደል? ሰዓቱ ይህን ሁሉ ያሰላል። ሰይድ ሲያስረዳኝ ገብቶኝ ነበር። አሁን እንዴት እንደገባኝ አይገባኝም።

ጣጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ተፈናቃዩ በዝቶ የጉድጓዱ ውኃ ሲጎድል፣ «ስንት ሜትር እንደቀረን እለካላችኋለሁ» ብዬ ሰዓቱን በገመድ አስሬ አወረድኩት። ሦስት ሜትር ተኩል። ሰው ሁሉ አደነቀኝ። ሰዓቱ ሲወጣ ግን ፊቱ ላይ ትንሽ የአውሮፕላን ሥዕልና ሃያ አራት ቁጥር ብቅ ብሏል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን በላያችን አለፈ።

አለቀ። ከዚያ ወዲያ የግቢው ሽማግሌ አያ ይማም በየማለዳው ሰዓቱን ጉድጓድ ሳያስወርዱ ማንንም መንገድ አያስወጡም። ሰዓቱ ይጠየቃል፤ የአውሮፕላኑ ሥዕል ከነሃያ አራቱ ይመጣል። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኛ በመጠየቅ የመርሳ ከተማ ቀረችብን። ሐዋን የምታዋልድ ነርስ ደግሞ ያለችው መርሳ ብቻ ነው።

ምጡ የጀመራት ጠዋት ሰዓቱ እንደ ልማዱ ወርዶ ወጣ። እኔም ላስረዳ ተነሣሁ።

«አያ ይማም፣ ሥዕሉ አውሮፕላን ይመጣል ማለት አይደለም። ከባሕር የወጣ ሰው ሃያ አራቱ ሰዓት ተቆጥሮ ሳያልቅ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ነው። ከላይ አየሩ ስለሚሳሳ ናይትሮጅኑ ይፈላበታል።»

«ከባሕር የወጣው ማነው?»

«ማንም። ሰዓቱ ሰው ጠልቆ የወጣ መስሎት ነው።»

«የሰውየውን ደም አያይም?»

«አያይም። ጥልቀቱንና ጊዜውን ይይዝና፣ ሰው አለ ብሎ ያሰላል።»

አያ ይማም ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «ወላሂ መምህር፣ የሌለ ሰው ደም ያወቀ ያለውን አውሮፕላን እንዴት ያጣዋል?»

 እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ይባስ ብሎ ለአፍታ ልክ ናቸው አልኩ።

ሐዋ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ላቧ ይወርዳል። «ሰዓቱ ለሌለ ሰው ሲጨነቅ ይዋል! እኔ አለሁ፤ ልጄም አለ። ታደርሱኝ እንደሆን አድርሱኝ፣ አለዚያ በእግሬ እሄዳለሁ።»

አያ ይማም አንገታቸውን ደፉ። «ቢስሚላህ በሉ፣ ቃሬዛውን አምጡ» አሉ።

ልጁ መርሳ በሰላም ተወለደ፤ ሐዋም ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ለእሷ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። መንገዱን አጋምሰን ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ አራት ወንዶች ቃሬዛውን መሐል መንገድ አስቀምጠን ጥሻ ገባን። እሷ ለብቻዋ ተጋድማ «ኧረ ወንድሜ!» እያለች ትጣራለች። ያን ሁሉ ያስረዳሁት መምህር ጥሻው ሥር ተኝቼ እሷንም አላየሁ፣ ሰማዩንም አላየሁ። ሰዓቱን ከኪሴ አውጥቼ ከሃያ አራቱ ስንት እንደቀረው እያየሁ ነበር።